ሲጋራና የአዛውንት አጥንት፦ የሚባለውና እውነቱ

«ሲጋራ ሳንባ ነው የሚጎዳ፤ ከአጥንት ጋር ምን አገናኘው?» ይባላል። ዕድሜ ልካቸውን ያጨሱ አባት በ70 ዓመታቸው ደፍ አደናቅፏቸው ዳሌያቸው ሲሰበር የሚረገመው ደፉ ነው። ቆመው ባሉበት ወድቀው የሚሰበር አጥንት ግን ቀድሞውኑ የሳሳ ነው።

አጥንት አሮጌው እየፈረሰ በአዲስ የሚተካ ሕያው አካል ነው። የሲጋራ ጭስ ገንቢ ሴሎቹን ያዳክማል፤ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም በደንብ እንዳይገባ ያውካል። አጫሽ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ስለሆነ ሲወድቅ ዳሌውን የሚከልልለት ሥጋም የለውም። ሳንባውም ቢሆን ከአጥንቱ የራቀ አይደለም፤ ለተጎዳ ሳንባ የሚታዘዘው ፕሬድኒሶሎን የተባለ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ራሱ አጥንት ያሳሳል። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የበርካታ አገሮችን ጥናት ያጣመረ ትንተና የአጫሾች የዳሌ ስብራት ሥጋት ከማያጨሱት በ80 በመቶ ገደማ እንደሚበልጥ አሳይቷል። ስብራቱ ከደረሰ በኋላም የአጫሽ አጥንት ለመግጠም ይዘገያል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይገጥምም። ያኔ የሚወቀሰው ወጌሻው ወይም ጀሶው ነው፤ ኪስ ውስጥ ያለውን ፓኮ ማንም አያነሳውም።

«የአጥንት መሳሳት የሴት በሽታ ነው» የሚለው ደግሞ ወንዱን ሳይመረመር ያስቀረዋል። ሴቶች የወር አበባ ሲቋረጥ በፍጥነት ይጎዳሉ፤ ወንዱ ቀስ እያለ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ካሉ አምስት ወንዶች አንዱ በቀሪ ዘመኑ በአጥንት መሳሳት ሳቢያ ስብራት ይደርስበታል። ዳሌ ከተሰበረ በኋላ ባለው አንድ ዓመት ደግሞ ሞት በወንዶች ላይ ይበረታል። የጎበጠ ጀርባና ያጠረ ቁመትም ሁልጊዜ «እርጅና ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ሳይታወቅ የተሰበረ የአከርካሪ አጥንት ሊሆን ይችላል።

ወተት ጠጥቶ ፀሐይ መሞቅ የሲጋራውን ጉዳት ያካክሳል? ይጠቅማል እንጂ አያካክስም።

«በዚህ ዕድሜዬ ብተወው ምን ይፈይዳል?» ለሚሉ፣ በኮፐንሃገን በተደረገ ጥናት ማጨስ ካቆሙ አምስት ዓመት ያለፋቸው ወንዶች የዳሌ ስብራት ሥጋታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። የአጥንት ጥግግት መለኪያ በሌለበት ጤና ጣቢያም ሐኪሙ ዕድሜን፣ ክብደትን፣ የቀድሞ ስብራትንና ሲጋራን ጠይቆ ሥጋቱን መገመት ይችላል። «ለወገቤ ነው የመጣሁ» ብለው ሲጋራውን አይደብቁት።