ጭጋግ የለበሰ መነጽር

በሐምሌ ጠዋት እንጦጦ ወጥቶ ወደ ሽሮ ሜዳ የተመለሰ መነጽራም ሰው እንጀራ እየተጋገረ ማድ ቤት ሲገባ ለጊዜው ይታወራል። "ግባ እንጂ፣ በሩን ዝጋው!" ይሉታል እናቱ፤ እሱ ምጣዱም እሳቸውም አይታዩትም። ሞቃት አየር ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ የተሸከመውን እንፋሎት መያዝ ያቅተውና በጤዛ መልክ ያራግፈዋል።

ኸርበርት ፖንቲንግ የተባለውን እንግሊዛዊ ፎቶግራፍ አንሺም አንታርክቲካ ላይ ያስቸገረው ይኸው ጤዛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ደቡብ ዋልታ ለመድረስ ከተነሳው ከካፒቴን ሮበርት ስኮት ቡድን ጋር ሲጓዝ በእጅ የሚዘወሩ የፊልም ካሜራዎች ይዞ ነበር። መዘውሩ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ በየዙሩ 8 ምስል ይቀረጻል። ቡድኑ የከረመበት የእንጨት ቤት ውስጥ ምድጃ ይነዳል፤ 25 ሰው ይተነፍሳል። ካሜራው እዚያ ከገባ ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል፤ ተመልሶ ሲወጣ ጤዛው በረዶ ይሆናል። ስለዚህ ካሜራውን ውጭ ማሳደር ግድ ሆነ።

ዘይቱም ሌላ ጣጣ ነበር። ቅቤ በክረምት ጠዋት ድርቅ እንደሚል ሁሉ የካሜራው ዘይት ወፍሮ ጥርሶቹን ያዛቸው። ፖንቲንግ ዘይቱን ጠርጎ የእርሳስ እምብርት የሚሠራበትን ግራፋይት ተጠቀመ። የፊልሙ ጥቅል ደግሞ በብርድ ይሰባበራል፤ አየሩም ደረቅ ስለሆነ፣ በበጋ ማታ ሹራብ ስናወልቅ እንደሚንጣጣው ያለ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ፊልሙ ላይ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጠባሳ ሊተው ይችላል። አንድ ቀን ደግሞ ምላሱ የካሜራውን ብረት ነካ። ብረት ሙቀትን ቶሎ ይመጥጣልና ምራቁ እዚያው በረዶ ሆነ፤ ሲያላቅቀው የምላሱ ጫፍ ቆዳ ብረቱ ላይ ቀረ።

ስኮትና አራት ጓደኞቹ ጥር 17 ቀን 1912 እ.ኤ.አ. ደቡብ ዋልታ ሲደርሱ የኖርዌዩ አሙንድሰን ቀድሟቸው ነበር። አምስቱም ሲመለሱ በመንገድ ሞቱ። ፖንቲንግ አብሯቸው ዋልታ አልሄደም። ከጉዞው በፊት ግን ስኮትን ከአራቱ ጓደኞቹ ከሦስቱ ጋር ድንኳን ውስጥ ሲያበስሉና ለመኝታ ሲሰናዱ ቀርጿቸው ነበር። ለካሜራ ተብሎ የተደረገ ነው፤ ለእኔ ግን ፖንቲንግ ከቀረጻው ሁሉ ልብ የሚነካው እሱ ነው። ሳቃቸው ይታያል፣ ድምፅ የለውም።

ፖንቲንግ ከቀረጻው የሠራው "ታላቁ ነጭ ዝምታ" የተባለው ፊልም በ1924 እ.ኤ.አ. ለእይታ በቃ። ሲኒማን "የሰይጣን ቤት" ያለው ያገራችን ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል እንደነበር እንጃ። በ2010 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ ፊልም ተቋም ፊልሙን አድሶ፣ በማቅለሚያ ተነክሮ ያገኘውን የጥንት ቀለሙን መለሰለት።

እናንተም ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሞቀ ቤት ስትገቡ ካሜራችሁን ቶሎ ከቦርሳው አታውጡት። ቡናው እስኪፈላ ይቆይ።