ስቶሬጅ ስለሚባለው መሣሪያና ሻጮቹን ስለማመዛዘን

በአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ካሉት የኮምፒዩተር መሣሪያዎች ሁሉ ስቶሬጅ ተብሎ የሚጠራውን ያህል ውለታው የተዘነጋ ያለ አይመስለኝም። የደንበኛውን ተቀማጭ ሒሳብ፣ የሕመምተኛውን የምርመራ ውጤት፣ የተማሪውን ማርክና የግብር ከፋዩን መዝገብ በአንድነት ይዞ ሌሊትና ቀን የሚያገለግለው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ሥራው በተቃና ጊዜ ምስጋናው ለፕሮግራሙ ይሰጣል፤ የእሱ ስም የሚነሣው ብልሽት በደረሰ ዕለት ብቻ ነው። ማሕሌቱ ያማረ እንደ ሆነ ምእመኑ የመሪጌታውን ዜማ ያደንቃል እንጂ፣ መጻሕፍቱንና ንዋያተ ቅድሳቱን በዕቃ ቤት ጠብቆ ያቆየውን ቄሰ ገበዝ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ የስቶሬጅም ዕጣ ከዚህ አይለይም። ከዚህ የተነሣ አምስትና ሰባት ዓመት አብሮን የሚኖረውን መሣሪያ፣ ሰነዱን በወጉ ሳናገላብጥ በአንድ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ መርጠን እንገዛዋለን።

ምንነቱን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ለመናገር፣ ብዙ ዲስኮች በአንድ ሣጥን ተደርድረው በሁለት ኮንትሮለሮች ይመራሉ፤ አንደኛው ኮንትሮለር ቢወድቅ ሌላው ሥራውን ይረከባል፤ ሰርቨሮቹም በፋይበር ቻነል ወይም በተራው ኔትወርክ ተገናኝተው ቦታውን እንደ ራሳቸው ዲስክ ይጠቀሙበታል። ይህን ያህል ይበቃል።

ከታሪኩም ጥቂት ልጥቀስ፤ ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ነው። አይቢኤም በ1956 ያወጣውና የሃርድ ዲስክ ሁሉ በኵር የሆነው ራማክ፣ ክብደቱ ከአንድ ቶን እየበለጠ፣ በ50 ሰፋፊ ዲስኮቹ የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ይህም ዛሬ በእጅ ስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶግራፍ ያህል ነው። በ1988 ደግሞ ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ሊቃውንት፣ በውድ ዋጋ ከሚገዛ አንድ ትልቅ ዲስክ ይልቅ ርካሽ የሆኑ ብዙ ትንንሽ ዲስኮችን ማስተባበር እንደሚሻል፣ ከነዚያም አንዱ ቢሞት የያዘውን ከቀሩት አስልቶ መመለስ እንደሚቻል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጡ፤ ሬይድ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ኢኤምሲ የተባለው ኩባንያ በ1990 ሲሜትሪክስን ይዞ ከአይቢኤም ገበያ ገባ፤ በ1992 ኔትአፕ ተመሠረተ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የመግዛትና የመገዛት ታሪክ ነው። ስቶሬጅቴክ በ2005 ወደ ሰን ገባ፤ ሰን ራሱ በ2010 ለኦራክል ሆነ፤ ስሪፓር በዚያው ዓመት ዴልና ኤችፒ ዋጋ ሲጨማመሩበት ከቆዩ በኋላ በኤችፒ እጅ ወደቀ፤ ኢኤምሲም በ2016 ወደ ዴል ተጠቃለለ። ስለዚህ በሣጥኑ ፊት የተለጠፈው ስም ብቻውን ዋስትና ይሆናል ብሎ የሚያምን ገዢ ታሪኩን መለስ ብሎ ቢያነብ መልካም ነው።

እንዲሁም ዴልን፣ ኔትአፕን፣ ኤችፒኢን፣ አይቢኤምን፣ ሂታቺንና ሁዋዌን የሚያወዳድር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሃርድ ዲስክ የሚሠሩት በዓለም ላይ ሦስት ኩባንያዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ናቸው። የፍላሹም ቺፕ የሚመጣው እንደ ሳምሰንግ፣ ማይክሮንና ኪዮክሲያ ካሉት ጥቂት ፋብሪካዎች ነው። እንግዲህ ተወዳዳሪዎቹ የሚለያዩት ዲስኩን በሚመራው ሶፍትዌር፣ ከሽያጭ በኋላ በሚሰጡት አገልግሎት፣ ከሁሉም ይልቅ ግን በአቈጣጠራቸው ነው።

በዚህ በአቈጣጠሩ ላይ ብዙ ልቆይ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ። አንድ ጊዜ በአንድ መሥሪያ ቤት የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንደኛው ተጫራች 184 ቴራባይት፣ ሁለተኛው 500 ቴራባይት የሚል ሰነድ አቀረቡ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነበርና ከአባላቱ አንዱ፣ የተከበሩ የፋይናንስ ሰው፣ «እንግዲህ ምን ያከራክረናል? ሁለተኛው ከእጥፍ በላይ አይደለም እንዴ?» አሉ። እኔም «ጌታዬ፣ ሁለቱም ሣጥኖች 24፣ 24 ዲስክ ነው የያዙት፤ የዲስኮቹም መጠን በሁለቱም ዘንድ 7.68 ቴራባይት ነው» ብላቸው፣ ሰነዱን እንደ ገና ገልጠው ተመለከቱና «ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» ሲሉ ጠየቁ። በዚያ ስብሰባ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ቁም ነገር ያለው ይኸው ነበር።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 24 ዲስክ በ7.68 ሲባዛ 184.32 ቴራባይት ይሆናል፤ ይህ ጥሬ መጠን ነው፤ አንድም ሰው ግን በጥሬው መጠን ሠርቶ አያውቅም። በመጀመሪያ፣ አንዱ ዲስክ ሲሞት ወዲያው የሚተኩ ሁለት ተጠባባቂዎች ይቀመጣሉ፤ የቀሩት 22 በሁለት ቡድን ተከፍለው፣ በየቡድኑ የሁለት ዲስክ ያህል ቦታ የጠፋውን ለማስላት ለሚያገለግለው ቍጥር ይሰጣል። መረጃ የሚጻፍበት እንግዲህ የ18 ዲስክ ቦታ ነው፤ ይኸውም 138.24 ቴራባይት። በዚህ ቅነሳ የሚቈጭ ሰው ቢኖር፣ ባለ 20 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሞቶ በሰከንድ 200 ሜጋባይት ፍጥነት ሲተካ፣ ሌላ ሥራ ባይኖር እንኳ ወደ 28 ሰዓት ገደማ እንደሚፈጅ ያስታውስ፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ሁለተኛ ዲስክ አይሞትም ብሎ የሚምል ማነው?

ሁለተኛው ቅነሳ ማንም ሳይነካው የሚጠፋ ነው። ዲስክ ሠሪው አንድ ቴራባይት የሚለው 1,000,000,000,000 ባይት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች ግን በ1,024 እያባዙ ስለሚቈጥሩ አንዱን ቴራባይት 1,099,511,627,776 ባይት ያደርጉታል። በ1998 የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ሁለተኛውን ቴቢባይት ብሎ በተለየ ስም ቢጠራውም፣ በየቢሮው የሚሰማው ያው አሮጌው ስም ነው። በዚህ ልዩነት ብቻ 138.24 የነበረው 125.7 ይሆናል። ዕቃው ገብቶ ማሽኑ በተከፈተ ዕለት «ዲስክ ጐድሎብናል» ብለው ሻጩን የሚወቅሱ የንብረት ክፍል ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ሻጩ በዚህስ ንጹሕ ነው።

ሦስተኛው ቅነሳ የጠቢብ ተጠቃሚ ቅነሳ ነው። የዛሬዎቹ ስቶሬጆች በተለይም የፍላሾቹ፣ በተጻፈ ቦታ ላይ ደርበው ስለማይጽፉና አዲሱን በባዶ ቦታ አስፍረው አሮጌውን በኋላ ስለሚጠርጉ፣ ባዶ ቦታ ባነሳቸው መጠን ሥራቸው ይከብዳል። ስለዚህ ከመቶው ሃያ እጁን ባዶ መተው ይገባል፤ 125.7 የነበረው በዚህ ጊዜ 100 ሆኖ ይቀራል። ማከማቻቸውን ከመቶ 95 እስኪሞላ ድረስ ጠብቀው «ማሽኑ ዘገየ፣ አምራቹ አታለለን» የሚሉትን ሰዎች፣ ወዳጆቼም ቢሆኑ፣ ሳልገሥጻቸው አላልፍም፤ ማስጠንቀቂያው ለወራት በስክሪኑ ላይ ሲያበራ ኖሯልና።

እንግዲህ 184ቱ 100 ከሆነ፣ 500ው ከየት መጣ? ሁለተኛው ተጫራች 125.7ን ወስዶ በ4 አባዛው፤ ምሥጢሩ ይህ ነው። መሣሪያው ተደጋጋሚ የሆነውን መረጃ አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚያስቀምጥና የቀረውን ስለሚያምቅ፣ የአራቱን ያህል በአንዱ ቦታ ያስገባል የሚል ተስፋ በቁጥሩ ውስጥ ተጨምሯል። ይህ ተስፋ ሐሰት አይደለም፤ አንድ ዓይነት ዊንዶውስ የተጫነባቸው መቶ ቨርቹዋል ሰርቨሮች ባሉበት ቤት ከአራትም በላይ ሊደርስ ይችላል። ዳሩ ግን የሥራው ፍሬ በመሣሪያው ብቻ ሳይሆን በሚቀመጠው መረጃ ላይ ያረፈ ነው። የጥበቃ ካሜራ ቪዲዮ አስቀድሞ የታመቀ ነው፤ ጄፔግ ፎቶግራፍም እንዲሁ፤ በዳታቤዙ ወይም በሰርቨሩ በኩል በምሥጢር ቍልፍ ተቈልፎ የሚመጣው መረጃ ደግሞ ለስቶሬጁ ሥርዓት የሌለው ውጥንቅጥ ሆኖ ስለሚታየው ምንም ሊቀንስለት አይችልም። ከመረጃው አብዛኛው የካሜራ ቪዲዮ የሆነበት አንድ ድርጅት በ4 የተባዛውን ቁጥር አምኖ ገዝቶ፣ ለአምስት ዓመት ያሰበው ቦታ ሁለተኛው ዓመት ሳይገባደድ ሲሞላ ያየሁት በዓይኔ ነው።

በዚህ ላይ አንዳንድ ሻጮች የሚሠሩት ሌላ ነገር አለ። «10 ለ 1 እናሳንሳለን» ሲሉ፣ ከማመቁና ድግግሞሹን ከማስወገዱ ጋራ፣ ገና ያልተጻፈበትን ባዶ ቦታና ስናፕሾት የሚባሉትን የመረጃውን የቅጽበት ምስሎችም እንደ ቅነሳ ይቈጥራሉ። ለአንድ ሰርቨር 10 ቴራባይት ተፈቅዶለት የጻፈው 1 ብቻ ቢሆን፣ ዘጠኙ «ተቈጠበ» ይባላል። ስለዚህ ማንኛውንም «ይህን ያህል ለአንድ» የሚል ቃል የሰማ ገዢ፣ «በውስጡ ስናፕሾት አለበት? ባዶ ቦታስ ተቈጥሯል?» ብሎ ይጠይቅ፤ የሻጩ ፊት ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጠዋል።

የቀረውን ፈጠን ብዬ ልለፈው። የፍጥነት ቁጥር፣ ይኸውም በሰከንድ ይህን ያህል መቶ ሺህ ጥያቄ (አይኦፒኤስ) የሚባለው፣ የንባቡና የጽሕፈቱ ድርሻ፣ የአንዱ ጥያቄ መጠንና የመልሱ መዘግየት ካልተጻፈበት ምንም አይናገርም፤ በ4 ኪሎባይት በንባብ ብቻ የተለካ መሣሪያ፣ በ32 ኪሎባይት እየጻፈ ሲሠራ ሌላ መሣሪያ ነው። ዝግጁነቱም ከመቶ 99.999 ሲባል በዓመት ከአምስት ደቂቃ ጥቂት የሚበልጥ፣ 99.9999 ሲባል ደግሞ 31 ሰከንድ ገደማ መቋረጥ ማለት ነው፤ ይህም አምራቹ ከሸጣቸው ማሽኖች ሁሉ የሚያወጣው አማካይ ስለ ሆነ፣ በእኛ ክፍል መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ሳይነሣ ቢቀር አያድነንም።

ስለ ጥገና ሁለት ጥያቄ ይበቃል። አንደኛው፣ መለዋወጫው የተቀመጠው በአዲስ አበባ ነው ወይስ ከውጭ አገር ታዝዞ የሚመጣ? የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ሲገኝ በኖረበት አገር «በነጋታው እናደርሳለን» የሚለው ቃል የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሁለተኛው፣ የዋስትናው ዘመን ሲያበቃ የአራተኛውና የአምስተኛው ዓመት የጥገና ዋጋ ስንት ነው? ይህ ዋጋ ተፎካካሪ ባለበት ሰዓት፣ በፋይናንስ ፖስታው ውስጥ ካልገባ፣ በኋላ ገዢው ብቻውን ከሻጩ ፊት ይቆማልና ድርድር የሚባል ነገር አይኖርም።

ተጠቃሚዎችንም ጥቂት ልምከር። በዲስኩ ፊት ብርቱካናማ መብራት ሲበራ «ቆይ ይጠፋል» አይባልም፤ አይጠፋም። የማቀዝቀዣውን አየር መግቢያ በካርቶን መዝጋትም ነውር ነው። ስናፕሾትን ባክአፕ ብሎ መጥራት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ ስናፕሾቱና ዋናው መረጃ በአንድ ሣጥን ስለሚኖሩ ሣጥኑ ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። መጋቢት 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር በተቃጠለ ጊዜ፣ ሌላ ቅጂ በሌላ ስፍራ ያላኖሩ ደንበኞች የደረሰባቸው ይህ ነበር።

እንግዲህ ሻጮችን የሚያወዳድር ሰው ምን ያድርግ? አስቀድሞ የራሱን ጥያቄ ይጻፍ፤ የሚያስቀምጠው መረጃ ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ስንቱ ቪዲዮ፣ ስንቱ ዳታቤዝ፣ ስንቱ የተቈለፈ እንደ ሆነ ይዘርዝር፤ ከዚያም ተጫራቾቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ ከተጠባባቂ ዲስክና ከሬይድ በኋላ፣ በ1,024 ተቈጥሮ፣ ከማመቅ በፊት የሚተርፈውን መጠን እንዲጽፉ ያስገድድ። ቢቻለው የራሱን መረጃ ናሙና ሰጥቶ በማሽኑ ላይ ያስሞክር። ከታወቁት አምራቾች አንዳንዶቹ 4 ለ 1 እናደርሳለን ብለው በጽሑፍ ዋስትና ይሰጣሉ፤ ጐድሎ ቢገኝ ተጨማሪ ዲስክ ያለ ክፍያ ያቀርባሉ፤ ሆኖም በወረቀቱ ግርጌ ቪዲዮ፣ የታመቀና የተቈለፈ መረጃ ከዋስትናው ውጭ መሆናቸው ተጽፎ ይገኛልና፣ መነበብ ያለበት ከግርጌው ተጀምሮ ነው። በገዢው መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለውን ቃል የሚፈርም ሻጭ ከተገኘ 500 ያለውን 500 ብሎ መቀበል ይቻላል። አልፈርምም ካለ ግን የገንዘብ ሹሙ ዋጋውን ለ500 ሳይሆን ለ100 ያካፍለው፤ የዚያን ጊዜ ርካሽ መስሎ የታየው ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።