«ኮር ስንት ነው?» ብሎ የከሰረ ስንቱ ነው!

መቼም የድሬን ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። ቀትር ላይ ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ባጃጁ ጥላ ሥር ይቆማል፣ ሰዉም «እስቲ ይብረድ» ብሎ ጎኑን ያሳርፋል። እኔም በአንዱ ቅዳሜ ከዚራ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም ሳልርቅ፣ ከዛፍ ሥር ሻይ ይዤ «ይብረድ» እያልኩ ነበር። ምን ይበርዳል! ሁለት ወንድማማቾች እየተጨቃጨቁ መጥተው አጠገቤ ዱብ አሉ።

«አቦ! አንተ ፍረደን» አለኝ ትልቁ። (የድሬ ልጅ «አንቱ» አይሆንለትም፤ ፍቅሩ ነው፤ አልተቀየምኩም።)

እኔማ የሴት ወይም የውርስ ነገር መስሎኝ ደንገጥ ብዬ ነበር። ለካ የተጣሉት በኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው!

እንዳትስቁ፤ ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። እናታቸው ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚቸረችሩ ሴት ናቸው። የእቁብ ዕጣ ወጣላቸውና «አንድ ኮምፒውተር ግዙ፤ ግን አንድ ብቻ!» አሏቸው። እቁቡ ደግሞ ገና ብዙ ዙር ይቀረዋል። ዕጣው ወጣ ተብሎ መጣሉ አይቀርም፤ በየሳምንቱ ከቅመሙ ትርፍ እየተቆነጠረ ይከፈላል። ማሽኑ ገንዘብ ካላመጣ የሚያልቀው የእናትየው ጉልበት ነው።

ትልቁ ሠርግና ልደት እየቀረጸ ኤዲት የሚያደርግ ልጅ ነው። እስካሁን የሚሠራው በሰው ማሽን፣ ሰው ሲፈቅድለት ብቻ ነው። ትንሹ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ ጌም ከተባለ ምሳውን የሚረሳ ነው። ትልቁ «ኢንቴል ኮር አይ 5 12400 ይገዛ» ይላል። ትንሹ «ሞቼ ነው ቆሜ! የኤኤምዲው ራይዘን 5 5600ጂ ነው የሚገዛው» ይላል። ለግራፊክስ ካርድ የሚተርፍ ገንዘብ የለም። ይህቺን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እንመለስባታለን።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገራችሁ

ፍርድ ከመስጠቴ በፊት እኔም በዚሁ ነገር የተቃጠልኩ መሆኔን ነገርኳቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያጠራቀምኳትን ይዤ አንድ ሱቅ ገባሁ። «ኮር ስንት ነው?» አልኩ፤ ሌላ ምን ይጠየቃል! «ኮር አይ 7» አለኝ ሻጩ። ሰባት ከአምስት ይበልጣል፣ አምስት ከሦስት ይበልጣል፤ ሒሳቡ አለቀ። ደስ እያለኝ ከፈልኩ።

ቤት ወስጄ ሁለት ነገር አንድ ላይ ስከፍትበት ዳገት እንደወጣ ሰው ማለክለክ ጀመረ። ሲመረመር የሁለተኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ! እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የ12ኛው ጄኔሬሽን ትንሹ ኮር አይ 3 12100 እንኳ እንዲህ ያለውን «ኮር አይ 7» ጥሎት ይሄዳል። ሻጩን ምን ልበለው? አልዋሸኝም። እኔ ነኝ ያልጠየቅሁት።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ «ኮር ስንት ነው?» ብላችሁ አታብቁ። ሙሉ ስሙን አስነብቡ። በኢንቴል ከ«አይ 5» ቀጥሎ ያለው ቁጥር ጄኔሬሽኑን ይናገራል፤ 12400 ማለት 12ኛው ነው፣ 2600 ማለት ሁለተኛው ነው። ከሁሉም ደግሞ መጨረሻ ላይ የምትለጠፈውን ፊደል አጥብቃችሁ ያዙ፤ እሷ ናት ጉደኛዋ።

የሠርግ ድንኳንና ስድስት ወጥ ሠሪዎች

ወንድማማቾቹን እንዲህ አልኳቸው። ፕሮሰሰር ማለት የሠርግ ቤት ድንኳን ነው። ኮሮቹ ወጥ ሠሪዎቹ ናቸው። ሁለቱም ፕሮሰሰሮች ስድስት ስድስት ወጥ ሠሪ አላቸው፤ እያንዳንዷም ሁለት ሁለት ድስት ታማስላለች። ስድስት ኮር፣ 12 ትሬድ የሚባለው ይኸው ነው። እስከዚህ እኩል ናቸው።

«ታዲያ የእኔው በ3.9 ጊጋኸርዝ ነው የሚነሳው፣ የሱ በ2.5!» ብሎ ትንሹ ዘለለ። እውነቱን ነው፤ መነሻቸው እንደዚያ ነው። ግን ሲያስፈልግ ሁለቱም ቢበዛ እስከ 4.4 ይወጣሉ። ደግሞም ፈጥኖ ማማሰል ብቻውን ወጥ አያበስልም። በአንድ ማማሰል ስንት ሥራ ይሠራል ነው ጥያቄው፤ እዚያ ላይ 12400 ይበልጣል። አንድ ኮር ብቻውን ሲለካ ብልጫው ከአሥር በመቶ ያልፋል።

ካሽ የሚሏት ደግሞ ወጥ ሠሪዋ አጠገብ የተቀመጠች የቅመም ትሪ ናት። ትሪዋ ስትሰፋ ወደ ጓዳ መመላለስ ይቀራል። (ጓዳው ራም ነው።) የ12400 ትሪ 18 ሜጋባይት ነው፣ የ5600ጂ 16። ልዩነቱ የሚያጣላ አይደለም።

ጌም ላይስ?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ግራፊክስ ካርድ ለሌለው ሰው ትንሹ ልክ ነው! 5600ጂ ውስጥ ቬጋ የሚባል ግራፊክስ አብሮ ተሠርቷል። 12400 ውስጥም ዩኤችዲ 730 የሚባል አለ፤ ግን በጌም አቅሙ የቬጋን ግማሽ ቢያገኝ ነው። ያለ ካርድ ጂቲኤ 5ን ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ደህና አድርጎ የሚያጫውተው 5600ጂ ነው። በ12400 ያው ጨዋታ ያነክሳል።

ትንሹ ፊቱ በራ። «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አልኩት።

ነገ ካርድ ከተገዛ ሚዛኑ ወዲያው ይዞራል። ያኔ የቬጋ ጥቅም ያበቃል፤ ካርዱን በደንብ የሚያሠራው ደግሞ 12400 ነው። 5600ጂ ከካርድ ጋር የሚነጋገርበት መስመር አንድ ትውልድ ወደኋላ የቀረው ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3 ነው። የ12400 ግን 4 ነው፣ ለካርድ ደግሞ 5ን ይቀበላል። «ዛሬ ያለ ካርድ ማን ያሸንፋል?» እና «ነገ ከካርድ ጋር ማን ያሸንፋል?» መልሳቸው የተለያየ ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ወንድማማቾቹ የተጣሉት እያንዳንዳቸው አንዱን ብቻ እየጠየቁ ነበር።

ብዙ ሥራ በአንዴ

ፎቶ ተከፍቶ፣ ቪዲዮ እየወጣ፣ ሙዚቃ እየዘፈነ፣ ቴሌግራም እየጮኸ… ለዚህ ሁለቱም አያሳፍሩም። እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው በራም ነው። 8 ጊጋ ይዞ ብዙ ሥራ አይታሰብም፤ ቢያንስ 16 ይሁን። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ የራሱ ማስታወሻ ስለሌለው ከዚሁ ከራም ነው የሚበደረው። ስለዚህ ባለ 16 አንድ ፍሬ ከመግዛት ባለ 8 ሁለት ፍሬ ግዙ። ሁለት በር ያለው ጓዳ ማለት ነው፤ ጌም ላይ በተለይ ለ5600ጂ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ቪዲዮ ኤዲት ላይ ግን 12400 ኩዊክ ሲንክ የሚባል ነገር አለው። ከካሜራ የመጣውን ቪዲዮ ለመክፈትና ጨርሶ ለማውጣት ብቻ የተሠራ ክፍል ነው፤ ፕሪሚየርን የመሰሉ ፕሮግራሞችም ይጠቀሙበታል። የሠርግ ቪዲዮ ለሚያወጣ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ዋጋውና የድሬ ሙቀት

ሲወጡ 5600ጂ 259 ዶላር ነበር፤ 12400 ደግሞ 192። ይህ የጥንት ወሬ ነው፤ የብር ምንዛሪ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የሰኞ ዋጋ ለዓርብ አይሠራም። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን ዋጋ ለብቻው አትጠይቁ፤ ከማዘርቦርዱና ከራሙ ጋር ደምራችሁ አወዳድሩ። 5600ጂ ዲዲአር 4 ራም ብቻ ነው የሚቀበለው። ለ12400 ግን ዲዲአር 4 የሚቀበል ማዘርቦርድም አለ፣ ዲዲአር 5 የሚቀበልም አለ። አንዱ በሌላው ቀዳዳ አይገባም፤ ሳትጠይቁ እንዳትገዙ።

ሙቀቱንም እንዳትረሱ። 5600ጂ 95 ዲግሪ ሲደርስ፣ 12400 ደግሞ 100 ሲደርስ ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቀዘቅዛል። ድሬ ላይ ክፍሉ ራሱ ግማሽ ምጣድ ነው! በካርቶን የታሸገው ከነፋኑ ይመጣል፤ በልቅ የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ፋን የለውም። ሳጥኑን ከግድግዳ አርቁት፣ አቧራውን አራግፉት፣ መብራት ሲሄድና ሲመጣ ማሽኑን እንዳይበላው ስታቢላይዘር ይኑራችሁ፤ ከተቻለ ዩፒኤስ።

ፍርዱ

አመሻሹ ላይ እናትየው ከቀፊራ ሲመለሱ ቤታቸው ሄድን። የተባለውን ሁሉ በጥሞና ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። «ታዲያ እቁቡን የሚከፍለው የትኛው ነው?»

እኔ ሰዓት ሙሉ የተናገርኩትን በአንድ ጥያቄ ቆረጡት! እቁቡን የሚከፍለው የሠርግ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ 12400 ይሁን አልኩ። ትንሹ አቀረቀረ። ልጁ እኮ ተሳስቶ አይደለም፤ ብቻውን የሚገዛ ቢሆን ኖሮ የሱ ምርጫ ትክክል ነበር።

እናትየው አዩት። «ለሱም ቃል ይገባለት» አሉ። ትልቁ በእናቱ ፊት ቃል ገባ፤ የጥር ሠርግ ሲደርስ ከእቁቡ የሚተርፈው ገንዘብ ለግራፊክስ ካርድ ይሆናል። እስከዚያ ትንሹ ቀለል ያለውን የእግር ኳስ ጨዋታ ጥራቱን ዝቅ አድርጎ ይጫወታል፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም አለበት!

ሰኞ ሦስታችንም ሱቅ ሄድን። ሻጩ ካርቶን አወጣና «12400፣ ያውም በርካሽ» አለ። ትልቁ ገንዘቡን ሊቆጥር ሲል ትንሹ ካርቶኑን ነጠቀውና ጮኸ።

«ኤፍ ነው! 12400ኤፍ! ግራፊክስ የለውም እኮ! ጥቁር ስክሪን ተክለን ልንቀመጥ ነው?»

እውነትም ኤፍ ነበር። ካርድ ለሌለው ሰው ባለ ኤፍ ፕሮሰሰር ምስል አያወጣም። በራይዘንም ጂ የሌለው 5600 እንዲሁ ነው። ሻጩ «ያው ነው ብዬ ነው» እያለ ለወጠልን። የእናትየውን እቁብ በመጨረሻዋ ሰዓት ያዳነው እኛ የፈረድንበት ትንሹ ሆነ!

እናንተስ? ካርድ ከሌላችሁና ዋናው ነገራችሁ ጌም ከሆነ 5600ጂ። ሥራ ከቀደመ፣ ወይም ካርድ ካለ፣ ወይም በቅርብ የሚገዛ ከሆነ 12400። ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑን አስበሩና ታስክ ማኔጀር ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም አንብቡ፤ ራሙ ስንት ቀዳዳ እንደያዘም እዚያው ይታያል። ፊደሏን አትርሱ።

ቸር ይግጠመን!