«አዲስ ጥናት አረጋገጠ» ሲባል ቤታችን ምን ይቀይር?

ጠዋት ስልካችንን ስንከፍት «ቡና ዕድሜ ያረዝማል» የሚል ዜና ይጠብቀናል። ማታ ደግሞ ያው ቡና ለልብ እንደማይበጅ የሚናገር ቪዲዮ በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፕ ይላካል። ሁለቱም የሚጀምሩት «አዲስ ጥናት አረጋገጠ» ብለው ነው። እናት ለልጇ ምን እንደምታበላ፣ አባት ለአሮጊት እናቱ የትኛውን መድኃኒት እንደሚገዛ የሚወስኑት በዚህ ግርግር መሐል ሆነው ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው። በዚህ ሙያ ውስጥ ያለ ሰው «በጥናት የተረጋገጠ» የምትለው ሐረግ ምን ያህል ዕቃ እንደምትሸጥ በደንብ ያውቃል። ስለዚህ የጤና ዜና ሳነብ በቅድሚያ የምፈልገው ማን ከማን ጋር እንደተነጻጸረ ነው።

ቡናን እንውሰድ። ቡና የሚጠጡና የማይጠጡ ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ የትኞቹ ረጅም ዕድሜ እንደኖሩ መቁጠር ይቻላል። ችግሩ ግን ከማይጠጡት መካከል አንዳንዶቹ ቡና ያቆሙት ቀድሞውኑ ስለታመሙ መሆኑ ነው። ታዲያ ልዩነቱን ያመጣው ቡናው ነው ወይስ ሕመሙ? ይህን ለመለየት ተመራማሪዎች ሰዎቹን በዕጣ ለሁለት ይከፍላሉ። አንዱ ቡድን አዲሱን ነገር ያገኛል፤ ሌላው አያገኝም። ቡድኑን የመረጠው ዕጣ ስለሆነ ሀብታሙም ድሃውም፣ ጤነኛውም ሕመምተኛውም በሁለቱም በኩል ተመጣጥነው ይገኛሉ። በመጨረሻ የሚታየውም ልዩነት ይበልጥ የሚታመን ይሆናል።

ባለፉት ዓመታት በዚህ መንገድ ተሠርተው የሐኪሞችን ምክር የቀየሩ ወይም ያጠናከሩ ጥናቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ ውስጥ ለቤታችን ቅርብ የሆኑትን አምስት ጉዳዮች እነሆ።

ኦቾሎኒ፦ ጥንቃቄው ራሱ ችግር ሲሆን

የኦቾሎኒ አለርጂ በምዕራቡ ዓለም ወላጆችን በእጅጉ የሚያስጨንቅ ነገር ነው። አለርጂው ያለበት ልጅ ጥቂት ቀምሶ ፊቱ ሊያብጥ፣ ትንፋሽ ሊያጥረው፣ ሕይወቱም ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ፣ በ2000 ደግሞ በአሜሪካ፣ ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት ሦስት ዓመት እስኪሞላቸው ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ ተመከረ። ምክሩ የአስተዋይ ሰው ምክር ይመስላል። አለርጂው ግን ከመቀነስ ይልቅ እየበዛ ሄደ።

ጌዲዮን ላክ የተባሉ የለንደን የሕፃናት አለርጂ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ እንግዳ ነገር አስተዋሉ። በእንግሊዝ የሚኖሩ የአይሁድ ልጆች በእስራኤል ከሚኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ የኦቾሎኒ አለርጂ አሥር እጥፍ ያህል ይበዛባቸው ነበር። የዘር ሐረጋቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት መጣ? እስራኤል ውስጥ ሕፃናት ገና በጨቅላነታቸው ባምባ የተባለውን፣ ከኦቾሎኒ የሚሠራና አፍ ውስጥ የሚሟሟ መክሰስ ይበላሉ። እዚያ ዘመድ ያላችሁ አንባብያን ሳታውቁት አትቀሩም።

ይህ ግን ገና ጥርጣሬ ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከባድ ኤግዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን፣ ከ4 እስከ 11 ወር የሆናቸውን 640 ሕፃናት መርጠው በዕጣ ከፈሏቸው። ግማሾቹ ኦቾሎኒ አዘውትረው እንዲበሉ፣ ግማሾቹ ጨርሶ እንዳይቀምሱ ተደረገ። አምስት ዓመት ሲሞላቸው እንዳይቀምሱ ከተደረጉት 100 ልጆች 17ቱ ገደማ አለርጂው ተገኘባቸው። ከበሉት 100 ውስጥ ግን የተገኘባቸው 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ውጤቱ በ2015 ታተመ፤ በ2017 የአሜሪካ መመሪያ ተገለበጠ።

የተመራማሪዎቹ ማብራሪያ ይህ ነው፦ የሕፃኑ ሰውነት ኦቾሎኒን በቅድሚያ ያወቀው በተቆጣ ቆዳው በኩል ከሆነ እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። በአፉ ገብቶ በአንጀቱ በኩል ካወቀው ግን እንደ ምግብ ይለምደዋል።

ወደ ቤታችን ስናመጣው፣ ሕፃኑ ስድስት ወር ገደማ ሆኖት ተጨማሪ ምግብ ሲጀምር በደንብ የላመ የኦቾሎኒ ዱቄት ገንፎው ውስጥ ማስገባት ወይም የኦቾሎኒ ቅቤ አቅጥኖ መስጠት ይቻላል። ፍሬውን ግን እንዳለ ለትናንሽ ልጆች መስጠት ሊያንቃቸው ስለሚችል አደገኛ ነው። ልጃችሁ ከባድ ኤግዚማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ካለበት ደግሞ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

አንድ ክትባት፣ አንድ ካንሰር

የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ካንሰር ነው። መነሻው ኤችፒቪ የተባለ ቫይረስ ስለሆነ በክትባት መከላከል ይቻላል። ክትባቱ በአገራችን በ2011 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጃገረዶችን በመከተብ ተጀመረ። ከትምህርት ቤት መልእክት ሲመጣ ግን አንዳንድ ወላጆች ያመነታሉ። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬም አብሮ ይዞራል።

ክትባቱ ሕይወት ያለው ቫይረስ የለበትም፤ መካን እንደሚያደርግ የሚያሳይ ማስረጃም አልተገኘም። ካንሰሩን በእርግጥ ይከላከላል ወይ ለሚለው ጥያቄ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ከስዊድን መልስ መጣ። ተመራማሪዎች ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችንና ወጣት ሴቶችን የጤና መዝገብ መረመሩ። 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ካልተከተቡት በ88 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ በዕጣ የተሠራ ጥናት አይደለም። ሆኖም የሰው ብዛቱና የልዩነቱ ስፋት ሲታይ ቀላል የሚባል ማስረጃ አይደለም።

ሁለተኛው ዜና ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው። ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች በዕጣ ተከፍለው፣ አንድ ጊዜ ብቻ መከተብ ይበቃ እንደሆነ ተፈተነ። ከ18 ወር በኋላ አንዱ ክትባት ካንሰሩን በዋናነት ከሚያመጡት ሁለት የቫይረሱ ዓይነቶች በ97.5 በመቶ ሲከላከል ታየ። ጥናቱ በታተመበት በ2022 የዓለም ጤና ድርጅት ለልጃገረዶች አንድ ጊዜ መከተብ እንደ አማራጭ እንዲወሰድ መከረ። ይህ ማለት በአንድ በጀት የሚከተቡትን ልጆች ቁጥር እጥፍ ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። እናቶች ግን የልጃቸው መከተብ የራሳቸውን ምርመራ እንደማይተካ አይርሱ።

መነጽር ከመግዛት በፊት 40 ደቂቃ ፀሐይ

ከልጆቻችን መካከል የሩቁን ለማየት የሚቸገሩ፣ ጥቁር ሰሌዳውን ለማየት ዓይናቸውን የሚያጠቡ አሉ። ይህ ማዮፒያ ይባላል፤ የዓይን ኳስ ከሚገባው በላይ ሲረዝም የሚመጣ ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ 12 ትምህርት ቤቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በግማሾቹ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በየትምህርት ቀኑ ተጨማሪ 40 ደቂቃ ደጅ እንዲያሳልፉ ተደረገ፤ የሌሎቹ ፕሮግራም አልተነካም። ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ወትሮው ከተማሩት 39.5 በመቶው ማዮፒያ ያዛቸው። ደጅ በወጡት ላይ ግን ቁጥሩ 30.4 በመቶ ሆነ።

ልዩነቱ ከመቶ ልጅ ዘጠኝ ነው። ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን ያለ መድኃኒትና ያለ ወጪ የተገኘ ነው። ምክንያቱ የቀን ብርሃን እንደሆነ ይታመናል፦ ብርሃኑ በዓይን ውስጥ ዶፓሚን የተባለው ንጥረ ነገር እንዲመነጭ ያደርጋል፤ ይህም የዓይን ኳሱን መርዘም ያዘገየዋል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ልጅ ለምናሳድግ ወላጆች ጥያቄው ግልጽ ነው፤ ልጃችን ከትምህርት ቤት መኪና ወርዶ ወደ ቤት ሲገባ የቀን ብርሃን የሚያገኘው መቼ ነው? መነጽር የጀመረ ልጅ ግን ደጅ ስለወጣ ብቻ መነጽሩን አይጥልም፤ ጥቅሙ በዋናነት ከመከሰቱ በፊት ነው።

የጨው ማስቀመጫውን መቀየር

የደም ግፊት ያለበት ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ «ጨው ቀንሱ» ሳይባል አይመለስም። በአንድ ማዕድ የሚበላ ቤተሰብ ግን ለአንድ ሰው ተብሎ ሁለት ወጥ አይሠራም። ጨዉ ደግሞ ከወጡ በፊት በርበሬውና ሽሮው ውስጥ አለ።

በቻይና 600 መንደሮች ውስጥ 20,995 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ሌላ መንገድ ሞከረ። ተሳታፊዎቹ ከዚህ በፊት ስትሮክ የመታቸው ወይም ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ሆኖ የደም ግፊት ያለባቸው ነበሩ። የግማሾቹ መንደሮች ነዋሪዎች አንድ አራተኛው በፖታሲየም ክሎራይድ የተተካ ጨው ተሰጣቸው። ከአምስት ዓመት ገደማ ክትትል በኋላ በእነዚህ መንደሮች ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። ማንም ወጡን አልተወም፤ የተቀየረው ጨዉ ነው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኩላሊቱ የታመመ ሰው፣ እንዲሁም አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው፣ ፖታሲየም በሰውነቱ ውስጥ ተጠራቅሞ ልቡን ሊጎዳው ይችላል። እንዲህ ያለውን ጨው ከሱፐርማርኬት ከመግዛታችሁ በፊት በቤቱ ለሚበሉት ሁሉ የሚስማማ መሆኑን ሐኪም ጠይቁ።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣው አስፒሪን

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለእማማና ለአባባ ከሚይዛቸው ስጦታዎች መካከል ትንሿ የአስፒሪን ብልቃጥ አትጠፋም። «ለልብ ጥሩ ነው፣ በየቀኑ አንድ ይዋጡ» ይባላል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ለረጅም ጊዜም ብዙ ሐኪሞች ይደግፉት ነበር።

በአውስትራሊያና በአሜሪካ 19,114 አረጋውያን የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ከዚህ ቀደም የልብ ድካም ወይም ስትሮክ ያልነበራቸው ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ግማሾቹ በየቀኑ 100 ሚሊግራም አስፒሪን፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ወሰዱ። ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላ አስፒሪን የወሰዱት ከሌሎቹ የበለጠ ዓመት በጤና አልኖሩም። ከባድ የደም መፍሰስ ግን ጨመረ፦ 2.8 በመቶ የነበረው 3.8 በመቶ ሆነ።

ይህን አንብቦ ወላጆቹን «ዛሬውኑ አቁሙ» ማለት ግን ሌላ አደጋ ነው። ቀድሞ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ለነበረበት ሰው አስፒሪን ዛሬም ሕይወት የሚያተርፍ መድኃኒት ነው። ስለዚህ ብልቃጧን ይዞ ወደ ሐኪም መሄድና «እናቴ ይህን የምትወስደው ለምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሦስት ጥያቄዎች ለሚቀጥለው «አዲስ ጥናት»

ከእነዚህ ጥናቶች ሦስት ጥያቄዎች መውሰድ እንችላለን።

የመጀመሪያው፦ በማን ላይ ተሠራ? በአይጥ ላይ የታየ ውጤት በሰው ላይ ላይደገም ይችላል። የጨዉ ጥናትም የተሠራው ለስትሮክ በጣም በተጋለጡ ሰዎች ላይ እንጂ በጤነኛ ወጣቶች ላይ አይደለም።

ሁለተኛው፦ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ማነጻጸሪያ የሌለው «ተጠቅሜው ዳንኩ» ምስክርነት እንጂ ጥናት አይደለም።

ሦስተኛው፦ ከስንት ሰው ስንቱ? በእኔ ሙያ ሰዎች በብዛት የሚሸወዱት እዚህ ላይ ነው። «በግማሽ ቀነሰ» የሚባል አደጋ ከ10,000 ሰው ከ2 ወደ 1 ወርዶ ሊሆን ይችላል። በጨዉ ጥናት «14 በመቶ» የተባለው ወደ ሰው ሲመነዘር፣ በዓመት ከ1,000 ሰው 34 ገደማ የነበረው ስትሮክ ወደ 29 ገደማ ወረደ ማለት ነው። ለአንድ ቤተሰብ ትንሽ ለውጥ ነው፤ ለአገር ግን ብዙ ሕይወት ነው። ሁለቱንም ቁጥር ሳያውቁ መወሰን፣ የቅናሹን መጠን ብቻ አይቶ ዋጋውን ሳይጠይቁ እንደመግዛት ነው።

ለዚህ ወር ሦስት ነገር ብታደርጉ በቂ ነው። የልጃገረድ ልጃችሁን የክትባት ሁኔታ ከትምህርት ቤቷ ወይም ከጤና ጣቢያ አጣሩ። ትንንሾቹን በቀን ብርሃን ደጅ የሚያወጣቸው ሰው መድቡ። የወላጆቻችሁን መድኃኒቶች በሙሉ፣ ከውጭ የመጡትንም ጨምሮ፣ በአንድ ከረጢት ሰብስባችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ።