ያውቁ ኖሯል? ጣና ዳር መዝናናት የባለጸጋ ብቻ አይደለም

ከእብናት በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ሊዝናና ያሰበ ሰው ወጪውን የሚፈራው የሐይቅ ዳር ሆቴሎችን ዋጋ እያሰላ ነው። ውድ የሆነው ግን አልጋው እንጂ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ጣና አይደለም። መኝታን ከውኃው ራቅ አድርጎ ይዞ ቀኑን ዳርቻው ላይ መዋል ይቻላል፤ ከደንገል የተሠራች ታንኳ ስትቀዘፍ ለማየት ማንም ትኬት አይቆርጥም። «የጣናን ገዳማት ለማየት ጀልባ ግድ ነው» የሚል ይኖራል። ለደሴቶቹ እውነት ነው። ዘጌ ግን ባሕረ ገብ መሬት ስለሆነ በመኪናም ይደረሳል፤ እዚያ ያለው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የግድግዳ ሥዕሎችም በየብስ የመጣውን ከባለ ጀልባው አይለዩም። ሴቶችም ይገባሉ፤ በደሴት ላይ ያለው የክብራን ገብርኤል ገዳም ግን ለወንዶች ብቻ ነው። ጀልባ ካስፈለገም ኪራዩ አብዛኛውን ጊዜ ለጀልባው እንጂ በነፍስ ወከፍ ስላልሆነ ተጋርተው ሲይዙት ይቀላል። ከተረፈው ብር ላይ ለትኩስ የቆሮሶ ዓሣ ጥብስ ባይሰስቱ ይሻላል።