እንግጫ፦ በዓባይ ወዲህና ወዲያ ያለ የዘመን መለወጫ ሥነ ቃል

ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ውስጥ ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ዘመን መለወጫ ሥነ ቃል ስንወያይ፣ አንዲት የጎጃም ልጅ «እንግጫ» ብትል የሆሮ ጉዱሩው ተማሪ «እሱማ የእኛ ነው» አላት። ሁለቱም አልተሳሳቱም። በጎጃም ልጃገረዶች በመስከረም 1 ዋዜማ እንግጫ የተባለውን ሣር እየዘፈኑ ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ይጎነጉኑታል። በወለጋም ልጆች «ኢንግጫ» ብለው ሣሩን ለወላጆቻቸው ያበረክታሉ። ግጥሞቹ በአማርኛና በኦሮምኛ ቢለያዩም ክዋኔያቸው የሚጋራው መዋቅር አለ፦ ልጅ ለምለም ይሰጣል፤ ታላቅ ይመርቃል። ስለዚህ ቃሉ ከየት ወደ የት ተሻገረ ብሎ ከመከራከር በፊት፣ ግጥሞቹን ከነክዋኔያቸው መሰብሰብ ይቀድማል እላለሁ። ከዋኞቹ ልጆች በመሆናቸው ሲያድጉ ይተዉታል፤ ተተኪ ከታጣ ግጥሙም አብሮ ይጠፋል።