የካድበሪ ደንብና የኩባንያ ቦርዶች

በአክሲዮን ማኅበር ውስጥ ገንዘቡ የባለአክሲዮኖች ነው፤ በየዕለቱ የሚያንቀሳቅሱት ግን ተቀጣሪ የሥራ ኃላፊዎች ናቸው። የዲሬክተሮች ቦርድ የሚመረጠው በባለቤቶቹ ስም እነዚህን ኃላፊዎች እንዲቆጣጠር ነው። ቦርዱ ይህን አደራ እንዴት ይወጣ ለሚለው ጥያቄ ግን በጽሑፍ የሰፈረ ዝርዝር መልስ የመጣው ዘግይቶ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች ለሚሠራባቸው የቦርድ ደንቦች አርአያ የሆነው በ1992 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝ ውስጥ የወጣው የካድበሪ ሪፖርት ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ፖሊ ፔክ የተባለው ትልቅ ኩባንያ በድንገት ወድቋል። መሪው አሲል ናዲር የቦርድ ሰብሳቢም ዋና ሥራ አስፈጻሚም ነበር። በ1991 የለንደን የአክሲዮን ገበያና የሒሳብ ባለሙያዎች ማኅበራት ከሒሳብ ሪፖርት ምክር ቤት ጋር ሆነው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ሰብሳቢው የቤተሰባቸውን የቸኮሌት ኩባንያ ለዓመታት የመሩት ሰር አድሪያን ካድበሪ ነበሩ። ኮሚቴው ሥራ ላይ እያለ የጋዜጦች ባለቤት ሮበርት ማክስዌል ሞተ፤ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንድ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ መጉደሉም ታወቀ። የመንግሥት መርማሪዎች ይህ ሰው የሕዝብ ገንዘብ ያለበትን ኩባንያ ለመምራት እምነት የሚጣልበት አይደለም ብለው የጻፉት በ1971 ነበር። ማስጠንቀቂያው ሃያ ዓመት ሙሉ ሰሚ አጥቶ መቆየቱ፣ ቦርድ ለይስሙላ ሲቀመጥ ዋጋውን የሚከፍለው ጡረተኛው መሆኑን በግልጽ ያሳያል።

የካድበሪ ምክር አጭር ነበር። ሥልጣን ሁሉ በአንድ ሰው እጅ አይግባ፤ ሰብሳቢነትና ሥራ አስፈጻሚነት ቢለያዩ ይመረጣል። በቦርዱ ውስጥ በዕለት ተዕለት ሥራ የሌሉበት ቢያንስ ሦስት አባላት ይኑሩ፤ የኦዲት ኮሚቴውም ከእነርሱ ይዋቀር። ከዝርዝሩ ይልቅ ትልቁ ፈጠራ አፈጻጸሙ ነው፦ ደንቡ ሕግ አይደለም፤ በገበያው የተመዘገበ ኩባንያ ወይ ያከብረዋል፣ ወይ ያላከበረበትን ምክንያት በዓመታዊ ሪፖርቱ ለባለአክሲዮኖች ይገልጻል።

ይህ አሠራር ጉልበቱም ድክመቱም ከባለአክሲዮኑ ነው። በ2008 የእንግሊዙ የችርቻሮ ኩባንያ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር ሁለቱን ሥልጣን ለሥራ አስፈጻሚው ለሰር ስቱዋርት ሮዝ ሲሰጥ ምክንያቱን አስረዳ፤ ትልልቅ ባለአክሲዮኖች ግን አልተዋጠላቸውም። በ2009 ሰብሳቢው ገለልተኛ ይሁን የሚለው የውሳኔ ሐሳብ ባያልፍም ከሲሶ በላይ ድምፅ አገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ሌላ ሥራ አስፈጻሚ ተተካ። ሪፖርቱን የሚያነብ ባለአክሲዮን ከሌለ ግን ማብራሪያው ወረቀት ከማሟላት አያልፍም።

ደንቡ በየጊዜው ሲጠብቅ ቆይቷል። የግሪንበሪ ሪፖርት በ1995 የኃላፊዎችን ደመወዝ ጉዳይ አነሣ፤ የሂግስ ሪፖርት በ2003 በትልልቅ ኩባንያዎች ከሰብሳቢው ሌላ ቢያንስ ግማሹ የቦርድ አባል ገለልተኛ ይሁን አለ። ከእንግሊዝ ውጭም ደቡብ አፍሪካ በዳኛ መርቪን ኪንግ የተመራውን የራሷን ሪፖርት ያወጣችው በ1994 ነው።

አሜሪካ ኤንሮንና ወርልድኮም በተባሉት ትልልቅ ኩባንያዎቿ ውድቀት ማግስት የመረጠችው ግን አስገዳጅ ሕግን ነው። በ2002 የወጣው የሳርባንስ ኦክስሊ ሕግ ዋና ሥራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊው የሒሳብ ሪፖርቱን በራሳቸው ፊርማ እንዲያረጋግጡ ያዛል፤ ሐሰት መሆኑን እያወቀ ሆን ብሎ የፈረመ እስከ 20 ዓመት እስራት ይጠብቀዋል።